ካሜራው ከመከፈቱ በፊት



ባለፈው ረመዳን ማብቂያ ላይ አንድ አባት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አለፍ ያለ፣ በልጅነታቸው ወሎ ዳና ዘልቀው የቀሩ፣ አነጋገራቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ ከኮታቸው ኪስ አንድ ስልክ አውጥተው ከጠረጴዛችን ላይ አኖሩት። ስልኩ የእሳቸው አልነበረም፤ የ19 ዓመት ልጃቸው ነበር። «ይህን ነገር ሐራም ነው ብላችሁ ጻፉልኝ» አሉን። «እናንተ ከጻፋችሁት ልጁም ያነበዋል፤ እኔም እገላገላለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በረመዳን ከተራዊሕ መልስ ስልኩን ከመደርደሪያ ላይ አስደግፎ፣ ወጣቶቻችን «ላይቭ» በሚሉት የቀጥታ ሥርጭት አጫጭር ሱራዎችን ያስቀራ ጀመር። የሚከታተሉት ከአሥርና ከአሥራ አምስት ሰው አይበልጡም ነበር። አንድ ማታ እህቱ ብርድ ልብስ ልትወስድ ከክፍሉ ገባች። ካሜራው መከፈቱን አላወቀችም፤ ራሷንም አልተከናነበችም። የታየችው ለአምስት ሰከንድ ያህል ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ ግን ያችን አምስት ሰከንድ ቀድቶ፣ የፌዝ ቃል ጽፎባት አሰራጫት። በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ስልክ ደረሰች። ልጅቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ከደጅ አልወጣችም። አባትም ስልኩን ቀሙ። (ይህን የምንጽፈው ልጅቱን ራሷን አስጠይቀን ፈቅዳልን ነው።)

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም፤ ሐራምና ሐላል የመበየን ሥልጣንም የለንም። ይህንኑ ልንነግራቸው ስንል ከጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ብርት አለ። «ይኸው፣ እንዲህ እያለ ነው የሚያስቸግረኝ» አሉና መነጽራቸውን አድርገው መልእክቱን ጮክ ብለው አነበቡት። ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት የጻፈችው ነው። «ኡስታዝ፣ ከውሠር ላይ አቁመን ጠፋህብን። ታመህ ነው? አላህ ያሽርህ። እኔ የምቀራው ማታ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ብቻ ነው» ይላል። አባት መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «እንግዲህ ይቺንስ ምን ልበላት?» አሉ።

የዚህ ወር ዓምዳችን የተጻፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

የቀጥታ ሥርጭት ቀድሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ብቻ ሥራ ነበር። መኪና፣ አንቴና፣ ብዙ ሠራተኛ ይጠይቃል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2011 ለተመረጡ ደንበኞቹ አገልግሎቱን ከፈተ፤ ፌስቡክ ደግሞ በ2016 ስልክ ለያዘ ሁሉ ፈቀደ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በብዙ አገር መስጂዶችን ባዘጋበት ረመዳን፣ ቀድሞ ካሜራ ፊት ቀርበው የማያውቁ ዑለማኦች ሳይቀሩ ደርሳቸውን በዚሁ መንገድ ሰጡ። ዛሬ አንድ ደረሳ ኪታቡን ታቅፎ ወደ ዳና ወይም ወደ ጌታ በእግሩ የሚጓዘውን መንገድ፣ ድምፁ በሰከንዶች ውስጥ ይጓዘዋል። ይህ ኒዕማ ነው። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው በሁለት በኩል መሆኑን ብዙዎቻችን አላስተዋልንም፤ ድምፃችን ሲወጣ እንግዳው ደግሞ ይገባል።

በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ወደ ሌላ ሰው ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ያዝዛል። በዚያው ሱራ 58ኛው አንቀጽ ደግሞ፣ የቤቱ ሕፃናትና አገልጋዮች እንኳ ሳይቀሩ ፈቃድ የሚጠይቁባቸው ሦስት ጊዜያት ተለይተዋል፤ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ። እስቲ ልብ እንበል! ልጁ ካሜራውን ይከፍት የነበረው ልክ በሦስተኛው ሰዓት ነው። ከገዛ ልጅ የሚጠበቀው ገመና ስማቸውንም መልካቸውንም ለማናውቃቸው ሰዎች ተከፈተ። ወጣቱ ክፋት አላሰበም፤ ሱራ ነበር የሚያስቀራው። ኒያው መልካም ነበር፤ የጎደለው ኢዝን ነው። ፈቃድ መጠየቅ የነበረበትም ተመልካቹ ሳይሆን እሱ ነበር፤ እናቱን፣ አባቱን፣ እህቱን።

እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። ላይቭ መጀመር የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ስልኩን ሳይሆን ቤተሰቡን ይሰብስብ። በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተነጋግረው ይወስኑ። ቤታችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ስለሆነ የአቀማመጡ ነገር ቀላል አይደለም። ተናጋሪው ጀርባውን ለባዶ ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ስልኩ ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ይስጥ። ያን ጊዜ ማንም ቢገባ የሚገባው ከካሜራው በስተኋላ ነው፤ አይታይም። ሥርጭት ላይ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት፣ ለምሳሌ አንድ ሻርፕ፣ ከበሩ እጀታ ላይ ይንጠልጠል። ከግድግዳው ላይ የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካለ ይነሳ። ስም፣ ሰፈርና ትምህርት ቤት ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ እንደሚነበቡ ሌባም፣ ተንኮለኛም ያውቃል። ምስሉ ቢጠነቀቁለትም ድምፅ እንደሚያልፍ መርሳት አይገባም። ከጓዳ የሚሰማው የባልና ሚስት ንግግር የተመልካቹ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። ብዙ ወጣቶች ውድ ካሜራ ካልተገዛ አይጀመርም ብለው ሲያስቡ እናያለን። ስሕተት ነው። ዛሬ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ለመነሻ ይበቃል። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የሚቆራረጥና የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም፤ በተለይ ቁርኣን ለሚያስቀራ ሰው ሓና ሀ ካልተለዩ ትምህርቱ ከንቱ ነው። በመሆኑም ትንሽ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለድምፅ ይዋል። በኮሌታ ላይ የምትሰካ አነስተኛ ማይክ፣ እሷም ከሌለች ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለችው ማይክ ከስልኩ ማይክ ትሻላለች፤ ለአፍ ትቀርባለችና። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ድምፅን ይሰበስባል። ብርሃን ከፊት ይሁን፤ መስኮትን ከጀርባው ያደረገ ሰው ፊቱ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ስልኩ በእጅ ባይያዝ፣ ሰባት ኪታብ ደርቦ ማስደገፍም ቢሆን (ቁርኣንን ግን ለዚህ ማዋል አደብ አይደለም) ከመንቀጥቀጥ ያድናል።

ኢንተርኔቱን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮ ጥርት ብሎ ስለሚታየው ማሰራጨትም የሚችል ይመስለዋል። የመቀበያ ፍጥነትና የመላኪያ ፍጥነት ግን የተለያዩ ናቸው፤ መላኪያው ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ላይቭ የሚፈልገው ደግሞ መላኪያውን ነው። 720 በሚባለው ጥራት ለማሰራጨት በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ያህል ያስፈልጋል። ይህም በሰዓት ወደ 1.8 ጊጋ ባይት ዳታ ይበላል። ጥራቱን ቀንሶ በ1.5 ሜጋ ቢት የሚያሰራጭ ሰው ግን ግማሽ ሰዓቱን በ340 ሜጋ ባይት ገደማ ይጨርሳል። ለማስቀራት ይህ ይበቃል። ኩዌት ያለችው እህት የአስቀሪውን ፊት ጥራት አይደለም የምትሻው። ፍጥነቱን ሥርጭቱ በሚደረግበት ሰዓትና ክፍል መለካት እንጂ፣ ጧት ለክቶ ማታ መግባት አይጠቅምም። ስልኩ ሲደወልበት ሥርጭቱ ሊቋረጥ ስለሚችል ጥሪ ይዘጋ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪው ይሞላ።

የመጀመሪያው ሥርጭት ለሕዝብ ባይሆን እንመርጣለን። በዩቲዩብ «ለራስ ብቻ» በሚል መርጦ ማሰራጨት ይቻላል። አሥር ደቂቃ ለብቻ ተናግሮ፣ ከእህት ወይም ከወንድም ጋር ቁጭ ብሎ ቅጂውን ማየት ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው እንደሚታይ፣ ድምፁ ከታች እንደሚመጣ፣ ዓይኑ ሌንሱን ትቶ የራሱን ምስል ሲመለከት እንደቆየ ራሱ ይታዘባል። የመጨረሻው ደካማነት ሁላችንም ላይ አለ። ሌንሱ አጠገብ ነጭ ወረቀት መለጠፍ ዓይንን ያስታውሳል።

ድርጅቶቹ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ተረጋግጦ አገልግሎቱ እስኪከፈት 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ በስልክ ለማሰራጨትም 50 ተከታይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ማሰራጨት አይችልም። ቲክቶክ ከኅዳር 2022 ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላውን አይፈቅድም። ዕድሜ ጨምሮ የሚመዘገበውን ልጅ ወላጆች ማስቆም አለባቸው። በዲን ስም የሚጀመር ነገር በውሸት ልደት አይጀመርም።

ተመልካች የሚባለው ማን ነው? ከስልኩ ጥግ ያለችው ቁጥር ናት? ይህች ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የምታስፈራን ናት። ስትጨምር ልብን ታሳብጣለች፤ ስትቀንስ ትሰብራለች። ሰው 12 ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ 40 ሲሆን ቀልድ ይጨምራል፤ 200 ሲሆን ሌላ ሰው ይሆናል። ዑለማኦች ስለ ሪያእ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት በሰው ዓይን ፊት ስለሚሠራ ሥራ ነው፤ አሁን የሰው ዓይን ተቆጥሮ በአኃዝ ከፊታችን ተቀመጠ። የዚያችን ቁጥር ቦታ በትንሽ ወረቀት የሸፈነ አንድ ወንድም እናውቃለን። ሥርጭቱን ሲዘጋ ብቻ ነው የሚያያት። መላው ቀላል ነው፤ እኛ ግን ወደድነው።

ከተመልካች ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ሰዓት ማክበር ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እህት የራሷ ጊዜ የላትም፤ ማታ የምታገኛት አንዲት ግማሽ ሰዓት ናት። እሷን «ዛሬ አልተመቸኝም» ብሎ ማስቀረት ቀላል በደል አይምሰለን። ሳዑዲና ኩዌት ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ነገር ግን እዚያ ያሉት እህቶቻችን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚለማመዱ «ማታ 3 ሰዓት» ሲባሉ ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት የሚመስላቸው አሉ። ሁለቱንም መናገር ነው፤ በእኛ 3፣ በነሱ 9። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሆን እንኳ ቀኑ አይዛነፍ። ከሰባት ቀን ጩኸትና ከሁለት ወር ዝምታ፣ የሁለት ቀን ሰላሳ ደቂቃ ይበልጣል።

ደግሞም ንግግራችን ለተመልካቹ የሚደርሰው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። አዲስ ጀማሪ ጥያቄ ይጠይቅና መልስ ወዲያው ሲያጣ «ማንም የለም እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ሰው አለ፤ ጥያቄው ገና እየደረሰ ነው። ጠይቆ፣ አንድ ዚክር ብሎ፣ መጠበቅ ነው። የገባውን ሰው ሰላምታ መመለስ፣ የጻፈውን ማንበብ፣ ባለፈው የት እንዳቆመ ማስታወስ፣ እነዚህ ናቸው ሰውን የሚመልሱት። ስም ግን በጥንቃቄ ይጠራ። አሠሪዋ ስልክ መያዟን የማትፈቅድላት እህት ስሟና የምትሠራበት ከተማ አብረው ቢጠሩባት ምን እንደሚገጥማት ማሰብ ይገባል።

በዲን ጉዳይ ለሚያሰራጭ ወጣት ከዚህ የሚከብደው ጥያቄው ነው። ሱራ ለማስቀራት የተቀመጠውን ልጅ በሦስተኛው ቀን ስለ ፍቺ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ዘካ ይጠይቁታል። «ኡስታዝ» ሲሉት ይጥመዋል፤ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረዋል። ኢማም ማሊክ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ ሰው ላቀረበላቸው ለብዙዎቹ ጥያቄዎች «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ይተረካል። የእሳቸው አላውቅም ከብዙዎቻችን ፈትዋ ይበልጣል። ጥያቄውን ጽፎ ይዞ፣ ከሸኽ ፊት ተቀምጦ ጠይቆ፣ በሚቀጥለው ቀን የሸኹን መልስ ማድረስ ለወጣቱም ለጠያቂውም ክብር ነው። ሸኽ የሌለው አስቀሪ ግን ካሜራውን ባይከፍት ይሻለዋል፤ እዚህ ላይ አንለሳለስም።

ስድብ መምጣቱ አይቀርም። የሌላ እምነት ተከታይ መስሎ የሚሳደብ፣ በሙስሊሙ መካከል ቡድን ለይቶ የሚያጋጭ፣ ለእህቶች በግል የሚጽፍ ይኖራል። ለዚህ አስተያየቶችን የሚቆጣጠር፣ ወራዳ ቃል የሚሰርዝና ሰውን የሚያግድ አንድ የታመነ ሰው መመደብ ይቻላል፤ ከመጀመሪያው ቀን መመደብ አለበት። ያልተረጋገጠ ወሬ በቀጥታ ሥርጭት መናገር ደግሞ ከአኺራው ተጠያቂነት ሌላ በአገራችንም ሕግ ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። ስጦታና ገንዘብ የሚጠየቅበት፣ ሁለት ሰው ተፋጦ «አሸንፉልኝ» የሚባባልበት ዓይነት ሥርጭትም አለ። ቁርኣን ይዘው ወደዚያ የሚገቡትን ስናይ አዝነናል፤ ከዚህ በላይ ምንም አንል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። አባት ስልኩን ይዘው ከሄዱ በኋላ ቤተሰቡ ለሁለት ማታ ተነጋገረ። የመጨረሻው ቃል የእህቱ እንዲሆን አባት ወሰኑ፤ የተበደለችው እሷ ናትና። እሷም ሦስት ነገር ጠየቀች። ሥርጭቱ ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ጥግ ላይ ይሁን፤ ከዒሻ በፊት ይለቅ፤ አስተያየቶቹን የምትቆጣጠረው፣ የሚባረረውንም የምታባርረው እሷ ትሁን። ያችን የአምስት ሰከንድ ቅጂ በሚመለከት ለድርጅቱ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ከአንዳንድ ቦታ ተነሥታለች፤ ከሁሉም ስልክ ግን አትጠፋም። ወንድምየው ይህን ያውቀዋል።

ሥርጭቱ በተመለሰበት ማታ እኛም ከተመልካቾቹ መካከል ነበርን። በመግሪብና በዒሻ መካከል ነው። ዘጠኝ ሰው ነበር፤ የኩዌቷም እህት ነበረች፤ የአሠሪዋን ቤት ሰዎች ቀድማ አብልታ እንደተገላገለች ጽፋለች። ከውሠርን ከልሰው ወደ ማዑን አለፉ። ወጣቱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ የዐይንን ሸዳ ዋጣት። አረብኛ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም፤ «የቲምን የሚገፈትር» የሚለው ትርጉም ይበላሻል። ከስልኩ በስተኋላ፣ ከማይታይ ቦታ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ «ሸዳዋን! ሸዳዋን የት አደረግሃት?» አለ። ወጣቱ ዓይኑን ከሌንሱ አንሥቶ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ፈገግ አለና አስተካክሎ ደገመ።

ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከታች ጽሑፍ መጣ። «ማናቸው? እሳቸው ይድገሙልን» ይላል።

ልጁ አነበበላቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። ቀጥሎ ወንበር ሲሳብ ሰማን፤ ፊታቸው አልታየም፤ «ከዚህ ሆኜ ትሰማኛለች?» ሲሉ ግን ድምፃቸው ቀረበ። ከዚያ ቃሏን በዝግታ ሦስት ጊዜ አሏት።